ቀልሃ የሞሉ እጆች ፦ ከሰቲት ዳር የቀረ የሙያ ታሪክ



የማኅበራችንን 25ኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ የመጽሔቱ ዝግጅት ኮሚቴ ስለ ወድ ኤል ሒለው አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ አደራ ሲሰጠን፣ ስለ ስደቱ መንገድ፣ ስለ ሣር ጎጆው፣ ስለ ወባውና ስለ ራሽን ሰልፉ እንድንጽፍ የጠበቁ ብዙዎች ነበሩ። እሱን ከእኛ በፊት የጻፉ አሉ፤ ወደፊትም ይጻፋል። እኛ ግን በየበዓሉ ተሰባስበን ስንጨዋወት ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ወደ አንድ አዛውንትና ወደ አንዲት ትንሽ ብረት ይመለሳል።

አዛውንቱ ከአርማጭሆ በኩል የመጡ ነበሩ። ድንበር ላይ ሁሉም ጠመንጃውን ሲያስረክብ እሳቸውም አስረከቡ። ሲፈተሹ ከጉያቸው የወጣችው ግን እንደ ጉጠት የምትከፈትና የምትዘጋ፣ መሐሏ የተቦረቦረ ብረት ነበረች። ፈታሹ ምን እንደሆነች ስላላወቀ መለሰላቸው። የአረር ፎርማ ነበረች፤ የቀለጠ እርሳስ የሚፈስባት፣ ጥይት የሚወጣባት። እሳቸው ግን ካምፑ ውስጥ በኖሩባቸው ዓመታት ሁሉ በዚያች ፎርማ ያወጡት ለሰቲት ዓሣ አጥማጆች የመረብ ማስመጫ የሚሆን እርሳስ ብቻ ነበር። ስማቸውን ያልጻፍነው በቤተሰባቸው ፈቃድ ነው።

ይህ ጽሑፍ እሳቸውን መነሻ አድርጎ ስለ አንድ የተረሳ ሙያ ያወሳል፤ የተተኮሰ ቀልሃ አንስቶ፣ ባሩድ ሰፍሮ፣ አረር አፍስሶ፣ ጥይትን በእጅ መልሶ ስለመሙላት። (ዘመናቱ የተጻፉት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ በእኛ አቆጣጠር የሆኑት ላይ ዓ.ም. ብለናል።)

የአዳኞች ወንዝ

ወድ ኤል ሒለውን ለማያውቁ ልጆቻችን በአጭሩ እንግለጽ። የእኛ ተከዜ ድንበር ተሻግሮ ሲወርድ ሰቲት ይባላል። ከመተማ በኩል የሚወርደው ጓንግ ደግሞ በሱዳን አትባራ ይሆናል። ወድ ኤል ሒለው ሁለቱ ወንዞች ከሚገናኙበት አካባቢ፣ በሰቲት ዳር ያለ ሰፈር ነው። ወደ ምዕራብ ሲሄዱ ሸዋክና ገዳሪፍ ይገኛሉ። ዛሬ አገሩ ማሽላና ሰሊጥ ነው። ከመቶ ስድሳ ዓመት በፊት ግን የዝሆን፣ የአውራሪስ፣ የቀጭኔና የአንበሳ አገር ነበር።

ይህን በሰፊው የጻፈልን እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር ነው። በ1861 ከፍሎረንስ ጋር ከካይሮ ተነስቶ ወደ አትባራ መጣ፤ ክረምቱን ሶፊ በምትባል የአትባራ ዳር መንደር አሳለፈ። ከዚያም ሰቲትን፣ ሮያንን፣ ባሕር ሰላምንና አንገረብን ተከትሎ እያደነ ዞረ፤ ራሃድንና ዲንደርንም አይቶ በ1862 ካርቱም ገባ። ስለ ጉዞው የጻፈው መጽሐፍ በ1867 ታተመ።

ቤከር በሰቲት ዳር ያገኛቸው የሐምራን ዐረቦች ዝሆን የሚያድኑት በሰይፍ ነበር። አንዱ ፈረሰኛ ከዝሆኑ ፊት እየጋለበ ያታልለዋል፤ ሌላው ከኋላ ደርሶ ከፈረሱ ይወርድና የኋላ እግሩን ጅማት ይቆርጣል። ባሩድም፣ አረርም፣ ቀልሃም አያስፈልጋቸውም። ስሕተት ቢሠሩ የሚከፍሉት ግን በራሳቸው ነፍስ ነው። ቤከር ብዙ ጠመንጃ ተሸክሞ የመጣ ሰው ሲሆን፣ በዓለም ላይ ካያቸው አዳኞች ሁሉ የላቀ ክብር የሰጠው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

የአረሩ ጥያቄ

ቤከር በዚያ ዘመን ያሳሰበው ነገር እስከ ዛሬ ድረስ ጥይት በእጁ የሚሞላ አዳኝ ሁሉ የሚያሳስበው ነው፤ አረሩ ምን ያህል ይጠንክር? ንጹሕ እርሳስ ለስላሳ ነው። ሚዳቋ ላይ ይሠራል፤ የጉማሬ ወይም የዝሆን አጥንት ሲያገኝ ግን ይዳጥና ሳይዘልቅ ይቀራል። ስለዚህ ቤከር እርሳሱን ከባዜቃ ጋር እየቀላቀለ ያጠነክረው ነበር። የባዜቃ ጭስ መርዝ እንደሆነ ዛሬ ሁላችንም ስለምናውቅ ይህን የሚሞክር ጤነኛ ሰው የለም። በዛሬው ጊዜ እርሳስ የሚጠነክረው በቆርቆሮና በአንቲሞኒ ነው።

ከመሣሪያዎቹ አንዷ ግማሽ ፓውንድ፣ ማለትም ከ220 ግራም በላይ የሚመዝን ፈንጂ አረር የምትተፋ ነበረች። ዐረቦቹ «የመድፍ ልጅ» አሏት። በተኮሳት ቁጥር ትከሻውን ይዛ ታዞረው እንደነበር ራሱ ጽፏል።

እኛን ይበልጥ የሚነካን ግን ሶፊ ላይ ያገኘው የፍሎሪያን ታሪክ ነው። ፍሎሪያን ጀርመናዊ ግንበኛ ነበር። ከካርቱም ወጥቶ በአትባራ ዳር ጎጆ ሠርቶ ጉማሬ እያደነ ይኖር ነበር። ጠመንጃዎቹ ርካሽ ነበሩ፤ አንደኛው በእጁ ላይ ፈንድቶ አውራ ጣቱን ወሰደው። ኋላም ያቆሰለው አንበሳ ገደለው። አዛውንታችን የቤከርን መጽሐፍ አላነበቡም፤ የፍሎሪያንንም ስም አልሰሙም። ይሁን እንጂ ወጣቶቹን ሲመክሩ የሚሉት ሁለት ነገር ነበር፤ የማታምነውን ጥይት አታጉርስ፣ በማታምነው ጥይት አውሬ አታቁስል። ፍሎሪያን የጠፋው በእነዚህ በሁለቱ ነው።

ጥይት ገንዘብ በነበረበት ዘመን

በእኛ በኩል ጠመንጃ ከጥንት የገባ ቢሆንም፣ ቀልሃ ያለው ጥይት በብዛት የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ነው። አፄ ዮሐንስ በጉንደት (1875) እና በጉራዕ (1876) የግብፅን ጦር ሲያሸንፉ ብዙ ሬሚንግተን ማረኩ። ከዚያ ወዲያ በአፄ ምኒልክ ዘመን የፈረንሳዩ ግራ ጠመንጃ አገሩን ሞላው። «ፉዚ ግራ» የሚለው የፈረንሳይኛ ስም በእኛ አፍ «ውጅግራ» ሆነ፤ የእንግሊዙ ስናይደርም «ሰናድር» ተባለ። የውጅግራ ጥይት በአንዳንድ ገበያ እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ እስከመሆን ደርሶ ነበር።

ለዚህ ጽሑፍ ትልቁ ነገር ግን ቀልሃው ነው። የሰናድርና የማርቲኒ የመጀመሪያ ቀልሃዎች የተሠሩት ከተጠቀለለ ስስ የናስ ቅጠል ስለነበር አንዴ ከተተኮሱ በኋላ ብዙም አይረቡም። የውጅግራ ቀልሃ ግን ከአንድ ወጥ ናስ የተሳበ ጠንካራ ዕቃ ነው። በፋብሪካ ሲሞላ 5 ግራም ከሩብ ያህል ጥቁር ባሩድና 25 ግራም የሚመዝን የእርሳስ አረር ይይዝ ነበር። ጥቁር ባሩድ ደግሞ አገር ውስጥ የሚዘጋጅ ነገር ነው፤ ከአፈር የሚጣራ የባሩድ ጨው፣ ድኝና ከሰል። እርሳሱ ከገበያ ይገኛል። ስለዚህ ቀልሃውን ያልጣለ ሰው ጥይቱን አልጣለም ማለት ነው። በደጋም በቆላም ተኳሽ ከተኮሰ በኋላ ጎንበስ ብሎ ቀልሃውን የሚፈልገው በዚህ ምክንያት ነበር።

ጭስ የሌለው ባሩድ በፈረንሳዊው ፖል ቪዬ በ1884 ተፈልስፎ ከሁለት ዓመት በኋላ በለበል ጠመንጃ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። ጥቁር ባሩድ ቀልሃውን እስኪሞላ ድረስ ይሰፈራል፤ ክፍት ቦታ መተው አይገባም። ጭስ የሌለውን ባሩድ በዚያው መስፈሪያ የሰፈረ ሰው ግን ጠመንጃውን ፊቱ ላይ ያፈነዳዋል። ጣትና ዓይን ያጡ ሰዎች ወሬ በየአገሩ የሚሰማው ከዚህ የተነሳ ነው።

ሙያው እንዴት ነው?

አዛውንታችን በወድ ኤል ሒለው ምሽት ላይ ሲያጫውቱን፣ የሙያውን ቅደም ተከተል በባዶ እጃቸው እያሳዩ ነበር።

መጀመሪያ ቀልሃው ይታያል። ናስ በተተኮሰ ቁጥር ይለጠጣል፤ በተለጠጠ ቁጥርም ይደርቃል። አንገቱ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ካለ ይጣላል። እሳቸው በሞሉት ቁጥር ቂጡ ላይ በሞረድ አንድ ጭረት ያደርጉ ነበር፤ ጭረቱ ሲበዛ ቀልሃው ጡረታ ይወጣል። የአንገቱን ድርቀት ለማላላት እሳት ማሳየት እንደሚጠቅምም ያውቁ ነበር። ይህ በዛሬው የሙያው መጻሕፍት ውስጥ ያለ ትክክለኛ ዘዴ ነው።

ሁለተኛው ካፕሱሉ ነው፤ ቀልሃው ቂጥ ላይ የምትቀመጠው፣ መርፌው የሚመታት ትንሽ ቆብ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ታሪክ አለ። በ1866 ሁለት ሰዎች በየፊናቸው ሁለት ዓይነት አሠራር አወጡ። የአሜሪካዊው የበርዳን ቀልሃ ውስጡ መምቻ ጉብታ ስላለውና የእሳት ቀዳዳዎቹ በጎን ስለሆኑ፣ አሮጌውን ካፕሱል ከውጭ ፈልፍሎ ማውጣት ግድ ነው። የእንግሊዛዊው የቦክሰር ቀልሃ ግን አንድ መካከለኛ ቀዳዳ ስላለው ከውስጥ በቀጭን ዘንግ ተገፍቶ ይወጣል። ዓለም አገላብጦ ወሰዳቸው፤ አሜሪካኖች የእንግሊዙን፣ አብዛኛው የአውሮፓ ጦር የአሜሪካዊውን ያዙ። ወደ እኛ አገር የመጣው ከአውሮፓ በመሆኑ ለአባቶቻችን የደረሳቸው አስቸጋሪው ነበር። በወስፌ ፈልፍለው ያወጡና የተመታውን ቆብ ከውስጥ አቃንተው፣ በክብሪት ራስ እየሞሉ መልሰው ይተክሉት እንደነበር ነግረውናል። አንዳንዱ ይከሽፋል፤ አንዳንዱም ሲተከል እጅ ላይ ይነሳል።

ሦስተኛው ስፍር ነው። መስፈሪያቸው ከተቆረጠ ቀልሃ የተሠራች ነበረች። ባሩዱን ይሞሉና በቢላዋ ጀርባ ያስተካክሉታል፤ አይጠቀጥቁም፣ አያጎድሉም። ዛሬ የምንኖርበት አገር ያሉ የሙያው ሰዎች ይህንን በግሬን ሚዛን ይሠሩታል። አንድ ፓውንድ 7,000 ግሬን ሲሆን፣ ሚዛኑ የግሬንን አንድ አሥረኛ ይለያል። ዓላማው ግን አንድ ነው። ጥይት ዒላማውን ደጋግሞ የሚመታው ባሩዱ ስለበዛ አይደለም፤ የዛሬው ከትናንቱ፣ አሥረኛው ከመጀመሪያው ጋር እኩል ስለሆነ ነው።

አራተኛው አረሩ ነው። እርሳሱ በደንብ ሳይግል ከፈሰሰ ይሸበሸባል፤ አየር ከያዘ አንድ ጎኑ ይቀላል። አንድ ጎኑ የቀለለ አረር በአፈሙዙ ውስጥ ካለው ጠመዝማዛ ቦይ ሲወጣ እየተንገዋለለ ይሄዳል። ስለዚህ ከሃያ አረር አምስት ስድስቱን ወደ ድስቱ መመለስ ነውር አልነበረም። የቀረው ሰምና ሞራ ይቀባና ቀልሃው አፍ ላይ ይቀመጣል፤ ሁሉም እኩል ገብቶ፣ እኩል ጠብቆ። ከተኩስ በኋላ አፈሙዙ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ካደረ ብረት ይበላልና።

ለአደን የሚሆን አረር ምን ዓይነት ነው ለሚለው ጥያቄ፣ በዚህ አገር ያገኘነው መልስ የቤከርን ችግር ያስታውሰናል። ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ በ1946 ካናዳ ውስጥ ሙስ የሚባለውን ግዙፍ እንስሳ ሲያድን ጥይቱ ሳይዘልቅ ቀረበት። አገሩ ተመልሶ መሐሉ በናስ ግድግዳ የተከፈለ አረር ሠራ፤ የፊቱ እርሳስ ይፈነዳል፣ የኋላው ሳይበተን ይዘልቃል። በ1948 ለገበያ አቀረበው። ለስላሳውንና ጠንካራውን በአንድ አረር ማዋሐድ ማለት ነው። አዛውንታችን ይህን ዓይነት አረር ቢያዩ ምን ይሉ ነበር እያልን ብዙ ጊዜ ተጨዋውተናል።

ክብሩ ለማን ደረሰ?

በአገራችን የገደለ ይፎክራል፤ ዝሆን የጣለ፣ አንበሳ የጣለ ይሸለማል። ጥይቱን የሞላው ሰው ግን በፉከራ ውስጥ የለም። ከዚያም አልፎ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ እርሳስ የሚያፈስ ሰው «ጠይብ»፣ «ቡዳ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። በጎንደር ዙሪያ ይህን ሥራ በብዛት ይሠሩ የነበሩት ቤተ እስራኤሎች ሲሆኑ ስድቡን የተሸከሙትም እነሱ ናቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ በ1984 እንደ እኛው በገዳሪፍ በኩል መጥተው በኡም ራኩባና በተዋዋ ካምፖች ተቀምጠዋል። በበሽታም ብዙ ሰው ሞቶባቸዋል።

አፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን ባለሙያዎችን ሰብስበው መድፍ ሲያስቀልጡ ሙያውን አክብረው ነበር። ሴባስቶፖል እዚያ ተሠርቶ እስከ መቅደላ ተጎተተ። አፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ እንዲቀር አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ በቶሎ ልብ ውስጥ አልገባም። እውነቱን እንናገርና እኛም በካምፑ ውስጥ አዛውንቱን ከኋላቸው የምንሰድብ ልጆች ነበርን። ይህን የምንጽፈው ያንን ዕዳ ለመክፈል ጭምር ነው።

የሙያው ዋጋ የታወቀው በጠላት ወረራ ጊዜ ነው። በ1935 ከወረራው በፊት በነበሩት ወራት እንግሊዝና ፈረንሳይ መሣሪያ ወደ ኢትዮጵያ እንዳይሸጥ ሲከለክሉ፣ ጥይት የሚቆጠር ነገር ሆነ። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ቀልሃ እየለቀሙ በዋሻና በጫካ የሚሞሉ ሰዎች እንደነበሩ አባቶቻችን ይነግሩን ነበር። አዛውንታችንም ሙያውን የተማሩት ከእንዲህ ያለ ሰው ነው። በ1940 የሳንድፎርድ ቡድን ከሱዳን ተነስቶ ወደ ጎጃም ሲሻገር፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በኡም ኢድላ በኩል አገራቸው ሲገቡ፣ በጫካ የጠበቋቸው አርበኞች ጥይታቸውን አንድ በአንድ እየቆጠሩ አምስት ዓመት የቆዩ ነበሩ።

የተባለው «እምቢ»

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስንነሳ ከአባሎቻችን መካከል የተቃወሙ ነበሩ። ልጆቻቸውን በጥይት ያጡ እናቶች ባሉበት ማኅበር ስለ ጥይት መጻፍ ይገባል ወይ? አሉን። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሳችን ቀጥሎ ያለው ነው።

በስደቱ መጀመሪያ ዓመታት ድንበሩ በታጣቂዎች የተሞላ ነበር። አንድ ምሽት የታጠቁ ሰዎች ወደ አዛውንቱ ጎጆ መጥተው ቀልሃ የሞላ ከረጢት አስቀመጡ። ባሩዱንም፣ ካፕሱሉንም፣ ገንዘቡንም እንደሚያቀርቡ ነገሯቸው። እሳቸውም ሻይ አፍልተው ካስተናገዷቸው በኋላ ከረጢቱን መልሰው ሰጧቸው። ለአውሬ ሞልቻለሁ፣ ለጠላትም ቢሆን እሞላ ነበር፣ ወንድም ከወንድሙ ለሚጋደልበት ግን እጄ አይሄድም አሏቸው። ለሳምንታት ከጎጆቸው ውጭ አላደሩም። በማግሥቱ ግን ፎርማዋን አውጥተው የመረብ ማስመጫ ማፍሰስ ጀመሩ። ጥይት መሙላት የሚችል ሰው ብቻ ነው ጥይት አልሞላም ማለት የሚችለው፤ የእሳቸው «እምቢ» ክብደት የነበረውም ለዚህ ነው።

ዛሬ

ቤከር ያያቸው ዝሆኖችና አውራሪሶች ከሰቲት ዳር የሉም። ጠመንጃው እየበዛ፣ እርሻው እየሰፋ ሲሄድ አለቁ። ከዚያ አገር አውሬ የተረፈው በ1935 በተከለለው በዲንደር ፓርክና በእኛ በኩል ባለው በአላጥሽ ነው። በ2016 ተመራማሪዎች በአላጥሽ አንበሳ መኖሩን በካሜራ ሲያረጋግጡ፣ ከእኛ መካከል ያለቀሱ ሽማግሌዎች ነበሩ። እርሳሱም የራሱን ዕዳ ጥሏል። በእርሳስ ጥይት የተገደለ አውሬ ቅሪት የበሉ ጥንብ አንሳዎች እየተመረዙ በመሞታቸው፣ የካሊፎርኒያ ግዛት ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለአደን የእርሳስ ጥይት ከልክሏል። በዚህ አገር በፈቃድ የሚያድኑ ልጆቻችን ዛሬ ከመዳብ የተሠራ አረር በሚዛን ይሞላሉ።

ወድ ኤል ሒለውም እንደ ድሮው አይደለም። በ2017 የላይኛው አትባራና ሰቲት ግድቦች ተመርቀው ውሃው ሲተኛ፣ በወንዞቹ ዳር የነበሩ መንደሮች ነዋሪዎች ወደ አዲስ ሰፈሮች ተዛውረዋል። በኅዳር 2020 ደግሞ በሐምዳይት በኩል ሰዎች እንደገና ሰቲትን ተሻገሩ፤ ኡም ራኩባ ካምፕም እንደገና ተከፈተ። በሚያዝያ 2023 ሱዳን ራሷ ጦርነት ውስጥ ስትገባ፣ ያስጠጋን ሕዝብ እንደ እኛ ስደተኛ ሆነ። ማኅበራችን በዚህ ኢዮቤልዩ በሚሰበስበው ገንዘብ ላይ የገዳሪፍን ሰዎች እንዳንረሳ አደራ እንላለን።

አዛውንቱ ያረፉት በስደት ነው። ፎርማዋ በቤተሰባቸው እጅ ትገኛለች፤ በበዓሉ ዕለት በአዳራሹ መግቢያ ጠረጴዛ ላይ እንድትቀመጥ ፈቅደዋል። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስታልፉ ቆም በሉና አሳዩዋቸው። ከአጠገቧ ከሰቲት መረብ የቀረ አንድ የእርሳስ ማስመጫ ታገኛላችሁ። በቅርጹ ጥይት ነው፤ በወገቡ ግን ለመረቡ ገመድ የሚሆን ቀዳዳ አለው።

መልካም የኢዮቤልዩ በዓል ይሁንልን።